በቁሙ የተለቀሰለት

አይሱዙዋ የውሽውሽን የሻይ ተክል ግራና ቀኝ ትታ ዳገቱን ስትያያዘው ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ከቦንጋ የወጣችው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጨው፣ ሳሙናና የላምባ በርሜል ጭናለች፤ ከጭነቱ በላይ ደግሞ ሁለት ወታደሮች። ሃምሳ አለቃ ገሠሠ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ፣ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር እየተነሳና እየወደቀ፣ የሾፌሩን ዘር ማንዘር ይረግማል። ከጎኑ ያለው ወታደር ወንድማገኝ ግን አይረግምም፣ አይስቅም፣ አይናገርም። ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ጫካውን ያያል።

ወሩ ሚያዝያ፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ነው። ባድመ በየካቲት ከጠላት ተመልሳለች፤ የጦርነቱን ማለቂያ ግን የሚያውቅ ሰው የለም። ሁለቱም የመጡት ከዚያው ግንባር ነው። ቀይ አቧራው ከሬንጀራቸው ስፌት ውስጥ አልወጣም። ወንድማገኝ ሺሺንዳ ወዳለችው እናቱ ለፈቃድ ይሄዳል፤ ገሠሠ ደግሞ ይዞት ሄዶ ይዞት ሊመለስ ታዟል።

ገሠሠ የቢቸና ሰው ነው። በድሮው ጦር ውስጥ ጎልምሶ፣ በሰማኒያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ማዕረጉን በሆዱ ይዞ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ጦርነቱ ተነስቶ የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ ማንም ሳይቀሰቅሰው ዱላውን አስረክቦ ሄደ። ሚስት አላገባም፤ ለምን ሲሉት “ጠመንጃ ቀናተኛ ናት” ይላል። ልጆቹ የጋንታው ልጆች ናቸው፤ ሲቆጣቸው ይውላል፣ ሲተኙ ካፖርቱን ያለብሳቸዋል። ለአዲስ ምልምል ሁሉ የሚነግረው አንድ ምክር ነበረው። “ቤታችሁን ብላቴ ማሠልጠኛ ላይ ቅበሩት። ቤቱን ያሰበ ወታደር እጁ ይለግማል።” ይህን ምክር እሱ ራሱ ያምንበት ነበር፤ የሚቀብረው ቤት ግን ኖሮት አያውቅም።

ምክሩን ያልሰሙት ሁለት ነበሩ፤ ወንድማገኝና ተማም። ሁለቱም የሺሺንዳ ልጆች ናቸው። አንዱ የብርቅዬ ልጅ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቃይ፣ ማር ቆራጭ፤ ሌላው የባለሱቋ የሀፍሳ ልጅ፣ ሚዛን ሥር ያደገ ቀልደኛ። በአንድ ቀን ተመዘገቡ፣ ብላቴ በአንድ ድንኳን አደሩ፣ ባድመ በአንድ ምሽግ ገቡ። አንዲቷን ኮቸሮ በድንጋይ ሰብረው ለሁለት ይበላሉ፤ እየበሉም የሚያወሩት ስለ ሺሺንዳ ነው። ዛሬ የማን እንሰት ተቆፈረ፣ በየተራ የሚቆፍረው ደቦ፣ ዳዶው፣ ማን ደጅ ደረሰ፣ የማን ላም ወለደች። ገሠሠ “እናንተ ባልና ሚስት፣ ዝም በሉ!” እያለ ይቆጣ ነበር። ግን መድፉ ሲያጓራ ከጋንታው ሁሉ እጃቸው የማይንቀጠቀጠው የእነዚህ የሁለቱ መሆኑን አይቷል። አይቶም ምክንያቱን አልጠየቀም።

ከዚያ ተማም ሞተ። ፍንጣሪ መታው፤ ወንድማገኝ ጭን ላይ ተኝቶ አረፈ። ከዚያች ቀን ወዲህ ወንድማገኝ አፉ ተዘጋ፣ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላለቀሰም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከምሽጉ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገሠሠ በቀበቶው ጎትቶ ባይጥለው ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። የሻምበሉ አዛዥ ልጁን አየው፤ ከዚያም ገሠሠን።

“አገሩን አይቶ ይምጣ” አለ። “ካልመጣ ግን የምጠይቀው አንተን ነው።”

አሁን አይሱዙዋ ከሺሺንዳ መግቢያ ካለችው ወንዝ ስትደርስ ወንድማገኝ የጋቢናውን ጣራ ደበደበ። መኪናዋ ቆመች፤ ሁለቱም ወረዱ፤ መኪናዋም ትታቸው ሄደች። ከወንዟ ማዶ የገበያው ቆርቆሮ ይታያል። ልጁ ግን ድልድዩን አልተሻገረም። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

“ምን ሆንክ ደግሞ?” አለ ገሠሠ።

“እናቴ ቤት የሚኬደው በእትዬ ሀፍሳ ሱቅ ደጅ ነው።”

ከአዲስ አበባ ወዲህ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ገሠሠ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ተነጋግረናል እኮ። መርዶ የመንግሥት ነው፤ በጊዜው፣ በደንቡ ይነገራል። አንተ ትንፍሽ እንዳትል። ከጠየቀችህ ግዳጅ ላይ ነው፣ ደህና ነው ትላለህ።”

“አልችልም።”

“ትእዛዝ ነው!”

ወንድማገኝ ቀና ብሎ አየው። “እሷ ዓይኔን ስታይ ታውቃለች፣ ሃምሳ አለቃ። ጡት አጥብታኛለች፤ እናቴ ታማ ሳለ። እግሬ አይሄድም።” ሻንጣውን ሊያነሳ ሞከረ፤ ማንገቻው ከጣቶቹ ሾለከ።

ገሠሠ ሻንጣውን ተቀበለው። ጭካኔ ያምርበታል ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ ርኅራኄ ሲመጣበት መላ ይጠፋዋል። አሰበና እንዲህ ዓይነት መላ መታ። እናትየው ልጇን በድንገት ብታየው ልቧ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ድንገተኛ ደስታም ይገድላል ይባላል። እሱ ቀድሞ ይሂድ፣ ቀስ ብሎ የምሥራቹን ይንገራት፣ እሷም እስከዚህ መጥታ ትቀበለው። ልጁም በሱቁ ደጅ ሲያልፍ እናቱ ክንድ ውስጥ ይሆናል። መላው በመላነቱ ጥሩ ነበር።

“እዚሁ ጠብቀኝ” አለ፤ ሻንጣውንም በትከሻው አንግቶ ድልድዩን ተሻገረ።

እንግዲህ ሰውየው የሺሺንዳን ወግ ባያውቅም ኢትዮጵያዊ ነውና ማወቅ ነበረበት። በማለዳ፣ ሬንጀር የለበሰ እንግዳ ሰው፣ የሌላ ሰው ሻንጣ አንግቶ መንደር ሲገባ ምን ተብሎ እንደሚታይ ማንም ያውቃል። ግን የምሥራች የያዘ ሰው ራሱን በሌላ ሰው ዐይን አያይም።

ከሻይ ቤቱ ደጅ አንድ ቀጭን ሰው ውኃ ይረጫል። ጣሰው ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊም እሱ ነው። ገሠሠ አክብሮቱን ለማሳየት ኮፍያውን አወለቀ።

“እንደምን አደሩ። የወንድማገኝን እናት ቤት ፈልጌ ነበር።”

ጣሰው ሻንጣውን አየ። በቀይ ክር፣ በብርቅዬ እጅ፣ የልጁ ስም ተጠልፎበታል። የውኃውን ጣሳ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

“በሰላም ነው?”

ገሠሠ “በሰላም ነው” ሊል ነበር። ግን የልጁ እጅ ታወሰው፤ እሱም ሲዋሽ ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ነው። “ሰላም እንኳ... ጦርነት አይደል፣ ምን ሰላም አለ” አለ። ጨመረበትም። “ለእናትየው በድንገት እንዳይሆንባት ቀስ ብዬ ልነግራት ነው። ትልቅ ሰው ካለ አብሮኝ ቢመጣ ደግ ነበር።”

ከዚህ በላይ የተሟላ መርዶ በሺሺንዳ ተነግሮ አያውቅም። ጣሰው ወደ ውስጥ ገባ፤ ወዲያው የእድሩን ዳኛ ጋሽ ዓለሙን ይዞ ወጣ። ጋሽ ዓለሙ ትልቅ ካፖርት የሚለብሱ፣ በመንደሩ ያለ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው የማይከፈትና የማይዘጋ ሽማግሌ ናቸው። የገሠሠን ክንድ ያዝ አድርገው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

“እርስዎ ከሩቅ መጥተዋል፣ ደክመዋል። ሻይ ይጠጡ። ሥርዓቱን ለእኛ ይተውልን፤ እኛ እናውቃለን።”

ገሠሠ ልቡ ረካ። ምን ዓይነት ጨዋ ሕዝብ ነው፣ እንግዳን ሥራ እንኳ አያሠራም አለ በሆዱ። ትኩስ ሻይ መጣለት፤ ዳቦም ተጨመረለት። አስተናጋጇ ዳቦውን ስታስቀምጥ ዓይኗን ጠረገች፤ እሱ ጭስ መስሎት “አይዞሽ” አላት። በደጅ ሰዎች እሱ በማይሰማው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ እየተነጋገሩ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደ ላይኛው ሰፈር ይሄዳሉ። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሻሽ ያሰረች ወፍራም ሴት ሚዛኑን እንደተንጠለጠለ ትታ ወጣችና በባዶ እግሯ ሮጠች።

ሁለተኛውን ሻይ እየማሰለ ሳለ ጩኸቱ ከላይ መጣ። ቀጥሎ ጡሩምባው።

“እንዴ!” አለ ገሠሠ ብድግ ብሎ። “ማን ሞተ?”

አስተናጋጇ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። “አለቃ... ያመጡት እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

ገሠሠ ብዙ ጥቃት አይቷል፤ እንዲህ ተከቦ ግን አያውቅም። ሻንጣውን ታቅፎ ሽቅብ ሮጠ። የብርቅዬ ግቢ፣ እንሰቱ መሐል፣ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፤ አንዷ ወንድማገኝ ከረጅሙ ዛፍ ወጥቶ ማር ሲቆርጥ ለደካሞቹ ቀድሞ ያካፍል እንደነበር እያነሳች ታለቅሳለች፤ ሌላዋ ትቀበላለች። ብርቅዬ መሬት ላይ ናት። ከኋላ ደግፋ የያዘቻት ያቺ የሱቋ ሴት ናት።

“አልሞተም!” ብሎ ጮኸ ገሠሠ። “ሰዎች! አልሞተም! ወንዙ ጋ ተቀምጧል!”

“ምስኪን” አለ አንዱ ሽማግሌ፤ “ልጁን እንደ ልጁ ነበር የሚወደው ማለት ነው። አእምሮው ተነካ።” ሁለት ጎረምሶች መጥተው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ ደገፉት። እሱ ሲታገል እነሱ አጥብቀው ያዙት፤ “አይዞህ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ” ይሉታል።

ወንድማገኝ ጡሩምባውን የሰማው ወንዙ ዳር ነው። ጡሩምባው ከእናቱ ሰፈር እንደተነፋ ጆሮው አልሳተም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ። አልሄድ ያለው እግር ተነሳ። ድልድዩን፣ ገበያውን፣ የሀፍሳን ሱቅ ሳያያቸው አለፋቸው። አጥሩን ዘሎ ገባ፤ ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ “እማዬ! እማዬ ምን ሆነች?” እያለ መሐል ደረሰ።

ለቅሶው ከዳር ወደ መሐል እየጠፋ መጣ። አንዲት ሴት ጮኻ ሸሸች። ጋሽ ዓለሙ አማተቡ። ብርቅዬ ቀና አለች። አልጮኸችም። በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ልጇ ተጠጋችና እግሩን ጨበጠች፣ ጉልበቱን፣ ክንዱን፣ ጆሮውን። ከዚያ ተነስታ በጥፊ አላሰችው። ወዲያው ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ወደቁ።

እልልታው እንሰቱን አናወጠው። የሚስቀው ያለቅሳል፣ የሚያለቅሰው ይስቃል። ገሠሠን ደግፈው የያዙት ጎረምሶች ለቀቁትና ይስሙት ጀመር። ጋሽ ዓለሙ ብቻ ጣሰውን ሲፈልጉ አገኙት።

“አንተ! ሳታጣራ ትነፋለህ?”

“ጋሼ፣ እርስዎ ንፋ አሉኝ!”

“ብልስ? አሁን ይሄን ማን ይመልሰዋል?”

“ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ጋሼ” አለ ጣሰው፤ ጡሩምባውን ከጀርባው እየደበቀ።

ሕዝቡ በዚህ ሲስቅ ብርቅዬን ደግፋ የነበረችው ሀፍሳ ወንድማገኝን አንስታ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመችው። ልቅሶዋ ፊቷ ላይ አልደረቀም፤ ሳቋም ከልቧ ነው። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላዋ፣ ወደ መንገዱ አየች። ደግሞ ወደ እሱ ተመለሰች።

“ተማምስ? ከኋላ ነው የሚመጣው?”

ገሠሠ ጎረምሶቹን ገፍትሮ ፈጠነ። “ተማም ግዳጅ ላይ ነው፣ እመቤት! ደህና ነው፣ በጣም ደህና...”

“እርስዎን አልጠየቅኩም” አለች ሀፍሳ፤ ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል።

 ጭንቅላቱን ለቃ ሁለት እጆቹን ያዘች። ወንድማገኝ ገሠሠን አየው። ሃምሳ አለቃው ፊቱን አዞረ። 

“እትዬ ሀፍሳ” አለ ወንድማገኝ። “ብቻውን አልነበረም። ጭኔ ላይ ነበር።”

ሀፍሳ ወዲያው አልገባትም፤ ወይም የገባት ወዲያው ነው፣ ግን ሰውነቷ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አሁን ብርቅዬ ከተነሳችበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። “ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች። ብርቅዬ፣ ትንሽ ቀደም ብላ ሀፍሳ ይዛት እንደነበረው፣ ከኋላዋ ሄዳ ደግፋ ያዘቻት። ማንም ለማንም ምልክት አልሰጠም፤ ለአንዱ የተሰበሰበው ሰው ለሌላው ተቀመጠ። ጣሰው ጋሽ ዓለሙን አየ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጡሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ።

ያን ጊዜ ነው ወንድማገኝ ያለቀሰው። የሀፍሳ ጉልበት ላይ ፊቱን ደፍቶ፣ ወንድ ልጅ በአገር ፊት እንዲህ አያለቅስም የሚለውን ሁሉ ረስቶ አለቀሰ። ገሠሠም ለመከልከል አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር፤ ያለቀሰ ወታደር ይፈታል ብሎ ያምናል። እዚያው ቆሞ ቀረ። የሚያየው ነገር መፈታት አይመስልም ነበር።

የእድሩ ድንኳን ተተከለ። የመስጊዱ ሼህ መጥተው ዱዓ አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ሀፍሳ ወንድማገኝን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠይቀው ጀመር።

“ተጠምቶ ነበር?”

“ኮዳዬን አጠጥቼዋለሁ።”

“ይበርደው ነበር?”

“ሌሊት ሌሊት። የሃምሳ አለቃን ካፖርት ሰርቀን ለብሰናል።”

ገሠሠ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ሆኖ ይህን ሰማ። ሰርቀን! ሆን ብሎ ነበር ትቶላቸው የሚሄደው። አሁን ግን የሚናገርበት ጊዜ አይደለም ብሎ ዋጠው።

“ይስቅ ነበር?”

“ሁልጊዜ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ምሽጉ ውስጥ ሱቅ ይከፍታል። ‘ስኳር አለ፣ ሳሙና አለ፣ ክብሪት አለ፣ ሰላም ግን አልቋል፣ ነገ ኑ!’ ይላል። እርስዎ በዱቤ የሚወስዱ ሰዎችን እንዴት እንደሚቆጡ ያስመስላል። ጋንታው በሙሉ እርስዎን ያውቅዎታል፣ እትዬ። ጥይት ሲበዛ ‘ሀፍሳ መጣች፣ ዕዳችሁን ክፈሉ’ ይባላል።”

ሀፍሳ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች፤ ብርቅዬም ሳቀች። ወንድማገኝ ያወራል። ሁለት ወር የተዘጋው አፍ ተከፍቶ መዝጊያ አጣ። ከፊቱ የቀረበለትን ቆጮ እየቆረሰ ያወራል፣ ቂጣው ከእጁ ሳይወድቅ። ገሠሠ ጣቶቹን ልብ ብሎ አየ። ሙሉ በሙሉ አልረጉም፤ ያዝ ግን ያደርጋሉ። የሻምበሉ አዛዥ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር አለ በሆዱ። ደግሞም ለራሱ መለሰ። እኔስ ያን ሁሉ ዘመን ‘ቤታችሁን ቅበሩ’ ስል ምን ሳስቀብር ኖሬያለሁ?

ጋሽ ዓለሙ መጥተው እጁን ይዘው ወደ እንሰቱ ውስጥ ወሰዱት። ብርቅዬ ተከተለቻቸው።

“አለቃ” አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ “እንደ ወንድም ይስሙኝ። የወንድማገኝ ጡሩምባ ተነፍቷል። እስከ ዋጫ ከተማ ድረስ ወሬው ሄዷል። እናቱ አልቅሳለች፣ አገር አልቅሷል። ለሞተ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? እርስዎም ‘ሞተ’ ብለው ይመለሱ። ጫካው ሰፊ ነው። ልጁ ማር ቆራጭ ነው፤ ከዛፍ ላይ ማን ያወርደዋል? የዳዶው ሰዎች ከዘመተ ጀምሮ ተራውን እየጠበቁ እንሰቱን ይቆፍሩለታል፤ አሁንም ይቆፍሩለታል። እኛ ምሥጢር እንችላለን።”

ቀልድ አልነበረም። ብርቅዬ ዝቅ ብላ የገሠሠን ጉልበት ልትይዝ ስትል እሱ በፍጥነት አነሳት። ፊቷ ላይ ያየው ነገር ከመድፍ ይከብዳል። አዛዡ ‘የምጠይቀው አንተን ነው’ ያለው ታወሰው። ዕድሜውን ሙሉ ትእዛዝ ያፈረሰ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ።

“እዚሁ ይቅር” አለ በድንገት።

ጋሽ ዓለሙ ራሳቸው ደነገጡ። “ምን አሉ?”

“ልጁ እዚሁ ይቅር አልኩ! እኔን ምን ያደርጉኛል? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከማዕረጌ በቀር የሚነጠቅ ነገር የለኝም፤ እሱንም ከዚህ በፊት አንዴ ተነጥቄ አይቼዋለሁ፤ አይገድልም።”

“አልቀርም” አለ ከኋላቸው ድምፅ። ወንድማገኝ ከእንሰቱ መሐል ቆሟል፤ ሀፍሳም ክንዱን ይዛ።

“ዝም በል አንተ!” አለ ገሠሠ። “ትእዛዝ ነው!”

“ሃምሳ አለቃ፣ ይህን ትእዛዝ አልቀበልም።” ወደ እናቱ ዞረ። “እማዬ፣ አትቆጪኝ። በተማም ቦታ አንድ የወሎ ልጅ ገብቷል። ሁለት ወር አጠገቤ ተቀምጦ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ሲፈራ ያፏጫል። የሚያፏጨው ለእኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንድመልስለት ነው። እኔ አልመለስኩለትም። አሁን ብቻውን ነው ያለው።”

“አንተ ምን አገባህ!” ብላ ጮኸች ብርቅዬ። “የሌላ ሰው ልጅ ነው!”

“እሱም እናት አለችው። እሱ ቢወድቅ፣ እኔ ዛሬ ለእትዬ ሀፍሳ ያልኩትን ለእናቱ የሚላት ሰው ይፈልጋል። ባይወድቅ ደግሞ የተማምን ሱቅ እከፍትለታለሁ፤ ይስቃል። የምመለሰው ለጦርነቱ አይደለም። ጦርነቱን ጠልቼዋለሁ።”

ብርቅዬ ወደ ሀፍሳ ዞረች። “ሀፍሳ፣ አንቺ ንገሪው። ዛሬ አንቺን አይቶ እንዴት ይሄዳል? ያንቺን ቃል እምቢ አይልም።”

ሀፍሳ የወንድማገኝን ክንድ ለቀቀች። “ብርቅዬ” አለች፤ “ልጄ የሚተኛበት ጭን ያገኘው ያንቺ ልጅ አጠገቡ ስለነበረ ነው። ‘ቅር’ ልለው አልችልም። ‘ሂድ’ም አልለውም። እኔን አትጠይቂኝ፣ እህቴ።” ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ፤ የእንሰቱ ቅጠል ከኋላቸው ተዘጋ።

ብርቅዬ ከዚያ በኋላ አልለመነችውም። የፈቃዱ ቀናት ሁሉ ልጇን አብልታ አጠጣችው፤ ገሠሠንም እንዲሁ፣ እምቢ ሲል በቁጣ። ወንድማገኝ ሌሊት ሌሊት እየባነነ ይነሳ ነበር፤ ያን ጊዜ እሷ ሳትጠራ ትመጣና ጎኑ ትቀመጣለች። ቀን ቀን ከዳዶው ጋር እየወጣ የጎረቤቱን እንሰት ቆፈረ። ገሠሠም አብሮ ሞከረ፤ መቆፈሪያውን አያያዙ ሰፈሩን ለሳምንት አሳቀው።

የመሄጃቸው ማለዳ መጣ። ቡና የጫነች አይሱዙ ገበያው ላይ ቆመች። እድሩ በሙሉ ወጥቷል። ሀፍሳ ከሱቋ ሳሙናና ክብሪት አምጥታ ሻንጣው ውስጥ ከተተች፤ “ለወሎው ልጅ” አለች። ወንድማገኝ ጭነቱ ላይ ወጣ። ብርቅዬ ወደ መኪናዋ ተጠግታ ቀና አለች። አላለቀሰችም።

“ስማኝ፣ ወንድማገኝ። ያለኝን እንባ በሙሉ ባለፈው አፍስሼብሃለሁ። ለአንተ የቀረኝ የለም። ሁለተኛ ብትሞት የማለቅስበት የለኝምና እንዳትሞት።”

“እሺ፣ እማዬ” አለ።

ገሠሠ ሊወጣ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ ነበር። ብርቅዬ በካፖርቱ ኮሌታ ይዛ መለሰችው። እስከዚያች ሰዓት ‘እርስዎ’ ስትለው ነበር የሰነበተችው።

“አንተ ደግሞ” አለችው፤ “ያንተን ለቅሶ ገና አልጀመርኩትም። እንዳታስጀምረኝ።”

ሃምሳ አለቃ ገሠሠ ኮሌታውን አስተካከለ። ተረከዙን አጋጭቶ፣ ለጄኔራል እንኳ እንደዚያ ሰጥቶ የማያውቀውን ሰላምታ ሰጣት።